ነፍሰ ጡር ዘመድ ስትታሰር የምንሠራቸው ስህተቶች

የወንድሜ ሚስት እዚሁ ጅማ የታሰረችው የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ነው። ስንቅ አመላላሿ እኔ ነበርኩ፤ ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራሁትም እኔው ነኝ።

እርግዝናውን መደበቅ። ሆዷ ገና ብዙም አልገፋም ነበርና «ሰው ምን ይላል፣ ዝም በይ» አልናት። ዝም ስትል ክትትሉ አለፋት። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ ይመክራል፤ ያልተነገረው የማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ደግሞ አይጠራትም። በመጀመሪያው ቀን ይነገር፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። የክትትል ካርዷም ቤት አይቅር፤ ፎቶ አንስቶ ዋናውን ለእሷ ማድረስ ነው።

ከስንቁ ጋር ቡና ይዞ መሄድ። እሑድ እሑድ ዶሮ፣ ከጎኑ በፔርሙዝ ቡና። የጅማን ልጅ ያለ ቡና መጠየቅ ነውር መስሎኝ! እሷ ደግሞ የተሰጣትን የአይረን ኪኒን በዚያው ቡና ታወራርደው ነበር። አዋላጇ ስትሰማ ሳቀች፦ «እህቴ፣ ቡናሽ መድኃኒቱን እየበላው ነው።» ቡናና ሻይ ሰውነት አይረኑን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ በትንሹ የአንድ ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋል። ብርቱካን ግን ያግዛል። ከዚያ ወዲህ ስንቁ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሁለት ሦስት ብርቱካን ሆነ። ፔርሙዟ ቤት ቀረች።

አጎበር መርሳት። ጅማ ወባ አለ፤ ወባ ደግሞ በነፍሰ ጡር ላይ ይከፋል። ትኩሳቷን «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

«እስኪነጋ ቻይው» ማለት። ደም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት እብጠት፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፦ አንዱ እንኳ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። በር የሚደበድቡላት አብረዋት የሚያድሩት ሴቶች ናቸውና ምልክቶቹን እነሱም ይወቋቸው። እኔ ይህን ያሰብኩት በስምንተኛው ወር ነው።

ካቴናን እንደ ወግ መቀበል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው፣ ስለ ሴት እስረኞች አያያዝ የሚናገሩት የባንኮክ ደንቦች፣ ቁጥር 24፣ በምጥ፣ በወሊድና ወዲያው ከወሊድ በኋላ ሴትን ማሰሪያ ማድረግን ይከለክላሉ። ከአጃቢው ጋር መጨቃጨቅ ግን አያዋጣም፤ «ይፈታላት» የሚለውን ሐኪሙ እንዲናገር ጠይቁ።

ልጁን ሳያስመዘግቡ መቆየት። ምዝገባው በ90 ቀን ውስጥ ነው። የማንዴላ ደንቦች (የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች) እንደሚሉት ሕፃኑ ማረሚያ ቤት ውስጥ ቢወለድ እንኳ ያ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። የእኛ ልጅ ወረቀት «የትውልድ ቦታ፦ ጅማ» ይላል።