የኤሌክትሪክ ጊታር ብሪጅ መቀየር፦ ከመግዛት በፊት የሚለካው፣ ከተገጠመ በኋላ የሚስተካከለው

ጊታር ቅኝት አልይዝ ሲል ወይም ክር ቶሎ ቶሎ ሲበጠስ መጀመሪያ የሚወቀሰው ብሪጁ (ክሮቹ በአካሉ በኩል የሚያርፉበት ብረት) ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ያለ ጥፋቱ ነው። ክሩ ሲቃኝ «ጢን» ብሎ ቅኝቱ በአንዴ ከዘለለ፣ ክሩን የያዘው በአንገቱ ጫፍ ያለው የነቱ ጠባብ ቦይ ነው። ብሪጅ ቢቀየር ይህ ችግር አይነቃነቅም። ክሩ ሁልጊዜ ሳድሉ (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱን ክር የሚሸከመው ቁራጭ) ላይ ከሆነ የሚበጠሰው ደግሞ ሳድሉ ስለታም ጠርዝ አለው ማለት ነው። ጠርዙን በባለ 600 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቦዩን በእርሳስ ማሸት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

መቀየር የሚያስፈልገው የሳድል ብሎኖች ዝገው ወይም ጥርሳቸው ተበልቶ ሲገኙ፣ የባሩ (ብሪጁን ለማወዛወዝ በእጅ የሚጫነው ዘንግ) ቀዳዳ ሰፍቶ ባሩ ሲወዛወዝ፣ ወይም ፕሌቱ (የብሪጁ ጠፍጣፋ መሠረት) ሲጎብጥ ነው። ያኔም ሙሉውን ከመለወጥ በፊት በከፊል መቀየር ይቻል እንደሆነ ይዩ። ሳድል ብቻ መቀየር እንጨቱን አይነካም፤ ካልተስማማዎት አሮጌውን መልሰው ይገጥማሉ። ግራፋይት የተቀላቀለበት ሳድል ክር ሳይይዝ ያንሸራትታል፣ የመበጠሱንም ነገር ይቀንሳል። ስቲል ደመቅ ያለ፣ ናስ ደግሞ ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰጣል ይባላል። ልዩነቱ ይሰማል፤ ከፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ለውጥ ጋር ግን አይወዳደርም። በትሬሞሎ (በባር የሚወዛወዝ ብሪጅ) ጊታር ላይ ከሳድል ቀጥሎ የሚያዋጣው ቀጭኑን የዚንክ ብሎክ (ከፕሌቱ ሥር ወደ አካሉ የሚገባው ብረት) በሙሉ የስቲል ብሎክ መተካት ነው፤ የባሩ ጥርስ በስቲል ላይ በቀላሉ አይበላም።

ልኬት

እዚህ ላይ የሚያልፍ ስህተት ዕቃውን ያስመልሳል፤ ስለዚህ ካሊፐር ይያዙ። ባለ ስድስት ቪት ትሬሞሎ ላይ የመጀመሪያው ልኬት ከዳር ቪት ቀዳዳ መሃል እስከ ሌላኛው ዳር ቀዳዳ መሃል ያለው ርቀት ነው። በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው፦ 56 ሚሊሜትር ገደማ እና 52.5 ሚሊሜትር ገደማ። መሃሉን በዓይን መገመት ያሳስታል፤ ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ቢለኩ ውጤቱ ያው የመሃል ለመሃል ርቀት ነው፣ ግምት ግን የለበትም። ባለ ሁለት ፖስት (በስድስቱ ቪቶች ፋንታ ብሪጁን የሚደግፉ ሁለት ምሰሶዎች ያሉት) ከሆነ የፖስቶቹን ርቀት በዚሁ መንገድ ይለኩ፤ 56 ወይም 74 ሚሊሜትር አካባቢ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ልኬት ሳድሎቹ ላይ ከ1ኛው (ቀጭኑ) ክር መሃል እስከ 6ኛው (ወፍራሙ) ክር መሃል ያለው ነው። ለ5 ሲካፈል በሁለት ክሮች መካከል ያለውን ይሰጣል፤ 10.5፣ 10.8 ወይም 11.2 ሚሊሜትር ተብሎ የሚሸጠው እሱ ነው። ሰፊ ብሪጅ ጠባብ አንገት ላይ ከተገጠመ 1ኛው ክር የፍሬቱ (አንገቱን አቋርጦ የተቀበረው የብረት መስመር) ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ ትንሽ ጎተት ሲደረግም ከፍሬትቦርዱ ይወርዳል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው የብሎኩ ቁመት ነው። የጊታሩ አካል ውፍረት ከ44 እስከ 45 ሚሊሜትር ከሆነ 42 ሚሊሜትር ብሎክ ይበቃዋል። ቀጭን አካል ያላቸው፣ 40 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ጊታሮች ላይ ግን ያው ብሎክ በጀርባ በኩል ብቅ ይላል፣ ክዳኑም አይገጥምም። በተጨማሪም ብሎኩ ባር ሲጫን የሚወዛወዝበት ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ወፍራም ብሎክ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ከተጋጨ ባሩ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

የጥርስ ጉዳይም አለ። ብሎኖችም ባሮችም በሜትሪክና በኢንች ይሠራሉ። አሮጌው ባር አዲሱ ብሎክ ውስጥ ሁለት ዙር ከዞረ በኋላ ከጠነከረ አያስገድዱት፤ ሌላ ጥርስ ነው።

ማውለቅ

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቱነር (የቅኝት መለኪያ)፣ ቀጭን ማስመሪያ እና ትክክለኛ ብሩጎላ ያዘጋጁ። የሳድል ቁመት ብሎን አንዳንዱ 1.5 ሚሊሜትር፣ አንዳንዱ 0.05 ኢንች ነው። በኢንቹ ምትክ ቀረብ ያለ ሜትሪክ ማስገባት የብሎኑን ራስ ያከባል፤ ከዚያ በኋላ መፍታቱ ሌላ ሥራ ነው።

ከመፍታትዎ በፊት የ1ኛውንና የ6ኛውን ክር ቁመት ለክተው ይጻፉ፣ የሳድሎቹን አቀማመጥም ፎቶ ያንሱ። ክሮቹን ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ያላሉ፤ አንዱን ጨርሶ ፈትቶ ወደ ሌላው መሄድ አንገቱ ላይ ያለውን ጫና ያዛንፈዋል። ከዚያ በጀርባ በኩል ስፕሪንጎቹን በፒንሳ ያውልቁ። ስፕሪንግ ሲለቅ ይወነጨፋልና ዓይንዎን ይጠብቁ። ስፕሪንጎቹን የሚይዘው ጥፍር ላይ የተበየደች ሽቦ አለች፤ ግራውንድ (ጉርምርምታን የምትቀንሰው ሽቦ) ናትና እንዳትነቀል። ጥፍሩ ደህና ከሆነ ባለበት ይተዉት፤ መቀየር ካለበት ግን ብረቱ ሙቀት ስለሚመጥ ቢያንስ 60 ዋት ማቅለጫ ይፈልጋል፤ ደካማው ላይ ላዩን አቅልጦ የማይነካካ ብየዳ ይተዋል።

መግጠም

ቀዳዳዎቹ ከገጠሙ ሥራው አጭር ነው። የቪቶቹን ጥርስ በደረቅ ሳሙና ወይም በሰም ይሹ። ፕሌቱ እንጨቱ ላይ ተኝቶ ሳለ ስድስቱንም በየተራ ያስገቡ፤ የቪቱ ራስና ፕሌቱ መካከል 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ሲቀር ያቁሙ። እስከ መጨረሻ ማጥበቅ የተለመደው ጥፋት ነው፤ ፕሌቱ በነፃነት ወደ ፊት መታጠፍ ስለማይችል ባሩ ሲለቀቅ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ቅኝትም ይፈርሳል። በዚህ ላይ በባር በኃይል ከተጎተተ ቪቱ ይጎብጣል ወይም እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ቀዳዳዎቹ ካልገጠሙ ዳር ያሉትን ቪቶች አጣሞ ማስገባት አይሞከር። አሮጌዎቹን ቀዳዳዎች በክብ የጠንካራ እንጨት ዘንግና በእንጨት ኮላ ይድፈኑ፣ አንድ ቀን ይድረቅ፣ ከገጹ ጋር እኩል ይቁረጡ። በለስላሳ እንጨት መድፈን አይበጅም፤ አዲሱ ቀዳዳ አሮጌውን ከነካ ፑንታው ወደ ለስላሳው ይሸሻል። አዲሱን ቦታ ለማግኘት ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ይለኩና በ2 ያባዙ። ርቀቱ 324 ሚሊሜትር ከሆነ የክሩ ሙሉ ርዝመት 648 ነው። የ1ኛው ክር ሳድል ወደ ፊት ከሞላ ጎደል ተገፍቶ ሳለ እዚህ ነጥብ ላይ ሊቆም ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ኢንቶኔሽን (ክሩ ፍሬት ላይ ሲጫን ቅኝቱን መጠበቁ) ለማስተካከል ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ ያገኛል። ከነቱ እስከ ሳድሉ በ1ኛውና በ6ኛው መስመር ክር ወጥረው ከፍሬትቦርዱ ጠርዝ በሁለቱም በኩል እኩል መራቁን ይዩ። የፑንታው ውፍረት ከጥርሱ ሳይሆን ከቪቱ ግንድ ጋር እኩል ይሁን፣ ጥልቀቱንም ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠቅልለው ይወስኑ። ትራፓኖ ሲታጠፍ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቀጥ አድርገው ይያዙት።

ባለ ቁልፍ ትሬሞሎ (ክሮቹን በብሎን ቆልፎ የሚይዝ) በዚህ ዓይነት አካል ላይ መግጠም እንጨት መፈልፈል ስለሚፈልግ ከዚህ ሥራ ውጪ ነው። ባለ ሁለት ፖስት ላይ ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ ክሩ ተወጥሮ ሳለ ፖስቱን ማዞር የፕሌቱን ስለታም ጠርዝ ይበላዋል። መጀመሪያ ያላሉ፣ ከዚያ ያዙሩ።

የጊብሰን ዓይነቱ ብሪጅ

ፖስቶቹ መሃል ለመሃል 74 ሚሊሜትር አካባቢ ናቸው፤ ውፍረታቸው ግን አንድ አይደለም። አሮጌው ዓይነት ቀጭን ሆኖ በቀጥታ እንጨቱ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ሌላው በእንጨቱ ውስጥ በተቀበረ የብረት እጅጌ ላይ ይቆማል። እጅጌውን ማውጣት ካስፈለገ አጭር የብረት ቁራጭ ውስጡ ጥለው ፖስቱን ይጠምዝዙ፤ ቁራጩ ታችኛውን እንጨት እየገፋ እጅጌውን ያወጣዋል። በፒንሳ መንቀል ዙሪያውን ቀለም ያነሳል። አንዳንድ አዲስ ሳድሎች ቦይ አልተቆረጠላቸውም፤ ቦዩ ከክሩ ግማሽ ውፍረት በላይ አይጥለቅ።

ማስተካከል

አዲስ ክር ይግጠሙ፤ አሮጌ ክር ያልተስተካከለ ውፍረት ስላለው ኢንቶኔሽን ሲለካ ያታልላል። ለ9-42 ክር (ቀጭኑ 0.009፣ ወፍራሙ 0.042 ኢንች) ሦስት ስፕሪንግ ይበቃል፣ 10-46 አራተኛውን ሊፈልግ ይችላል። ተንሳፋፊ ትሬሞሎ ከፈለጉ የፕሌቱ ጀርባ ከእንጨቱ 3.2 ሚሊሜትር ያህል ይነሳ። ከዚያ በላይ ከተነሳ የጥፍሩን ሁለት ቪቶች በየተራ ግማሽ ዙር ያጥብቁና እንደገና ይቃኙ። አንዱ ክር ሲወጠር ሌሎቹ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ሁሉንም ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ መቃኘት የግድ ነው። ባሩን ወደ ላይ የማይጎትት ሰው ግን ፕሌቱን እንጨቱ ላይ ቢያሳርፈው ይሻለዋል፤ አንድ ክር ቢበጠስ የቀሩት ቅኝታቸውን አይለቁም።

የክር ቁመት መነሻ 17ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊሜትር ነው። የእያንዳንዱ ሳድል ሁለት ብሎኖች እኩል ይቁሙ፤ ሳድሉ ካዘነበለ ክሩ ወደ አንድ ወገን ይንሸራተታል። የብሎኑ ጫፍ ከሳድሉ በላይ ወጥቶ መዳፍ የሚቧጥጥ ከሆነ በአጠር ያለ ይተኩት።

ቀጥሎ ኢንቶኔሽን። 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳይጫኑ ነካ ብቻ አድርገው የሚያወጡትን ድምፅ)፣ ከዚያ ተጭነው የሚመጣውን ድምፅ በቱነር ያወዳድሩ። የተጫነው ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ነቱ ያምጡ። ከማዞር በፊት ክሩን ያላሉ። ሳድሉ የማይሄድበት ደረጃ ላይ ከደረሰ በብሎኑ ላይ ያለውን ትንሽ ስፕሪንግ ማሳጠር ቦታ ይሰጣል። 1ኛው፣ 2ኛውና 3ኛው እያከታተሉ ወደ ኋላ ሄደው 4ኛው መልሶ ወደ ፊት ቢመጣ አይደንግጡ፤ 3ኛው ክር ሽቦ ያልተጠመጠመበት ሲሆን አቀማመጡ እንደዚያ ነው።

መጨረሻ ላይ ጊታሩን ከአምፕሊፋየር ጋር ያገናኙና ክሮቹን በእጅዎ ይንኩ። ጉርምርምታው ከቀነሰ ግራውንዱ ሠርቷል። የጃኩን ብረት ሲነኩ ብቻ ከቀነሰ ሽቦው ተነቅሏል ወይም ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ነው የተቀመጠው። በቴሌካስተር ዓይነት ጊታር ላይ ሽቦዋ ፕሌቱ ሥር ስለምትጣበቅ የተነካካችበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። መልቲሜተር ካለ አንዱን ጫፍ ክሩ ላይ፣ ሌላውን የጃኩ ውጨኛ ብረት ላይ ያድርጉ፤ ንባቡ ከ1 ወይም 2 ኦም መብለጥ የለበትም።