በክሪፕቶ ስም ገንዘብ የሚያስበሉ ስህተቶች

በቴሌግራም የሚመጣው የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ኢንቨስትመንት ግብዣ ስሙ ይቀያየራል እንጂ አካሄዱ ያው ነው። መተግበሪያ ያስጭናል፣ በየቀኑ «ትርፍ» ያሳያል፣ ሰው አምጡ ይላል፣ አንድ ቀን ይዘጋል።

በቀን 1 በመቶን እንደ ትንሽ ማየት

ትርፉ ከዋናው ጋር እየተደመረ ከሄደ 10,000 ብር በ365 ቀን ወደ 378,000 ብር ይደርሳል። እንዲህ የሚያተርፍ ሥራ ያለው ሰው የእርስዎን 2,000 ብር ለምን ይለምናል? ቁጥር ሲነገርዎ መጀመሪያ በስልክዎ ካልኩሌተር ያባዙት።

«ትንሽ አውጥቼ አይቻለሁ» ብሎ መተማመን

የመጀመሪያዋ 500 ብር ትወጣለች። ማጥመጃ ናት፤ የተከፈለችውም ከእርስዎ በኋላ ከገባው ሰው ኪስ ነው። «እኔ ወስጃለሁ» የሚለው ጎረቤት አልዋሸም፤ ጉዳቱን የሚያከፋውም ይኸው ነው፤ በቅን ልቦና እህቱንና እቁብተኛውን ይዞ ይገባል። ገቢዎ በዋናነት ሰው በማምጣት ከሚከፈል ኮሚሽን ከሆነ ነገሩ ፒራሚድ ነው፤ ቀድሞ የገባው ኋላ ከሚገባው ገንዘብ ይከፈላል። የፒራሚድ ሽያጭን አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል።

ለማውጣት ተጨማሪ መክፈል

ብዙ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ 180,000 ብር ይታያል። «ዊዝድሮው» (ገንዘብ ማውጫውን) ሲጫኑ «አካውንትዎ ታግዷል፣ በመጀመሪያ 15 በመቶ ታክስ ያስገቡ» ይላል። 27,000 ብር ተበድረው ሲከፍሉ የ«ማረጋገጫ» ክፍያ ይመጣል፣ ከዚያ የ«ዘገየ» ቅጣት። አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ገንዘቡ እውነት እዚያ ካለ ለምን ከእሱ ላይ አይቀንሱም? የሌለ ነገር ስለማይቀነስ ነው። ደግሞም ታክስ በቴሌግራም ለሚጽፍ ሰው አይከፈልም። እዚህ ደረጃ ከደረሱ አንድ ሳንቲም አይጨምሩ፤ የገባውን ለማዳን ሲባል የሚጨመረው ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል።

በወረቀት መታለል

የውጭ አገር የምዝገባ ሰርተፍኬት ወይም የንግድ ፈቃድ ከሕዝብ ገንዘብ የመሰብሰብ ፈቃድ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ ስለዚህ «በመንግሥት የታወቅን ነን» ለሚል ማስታወቂያ ጆሮ አይስጡ። ዋንኮይን የተባለው የሐሰት ክሪፕቶም በትልልቅ አዳራሽ ስብሰባ እያደረገ ነበር በዓለም ዙሪያ ቢሊዮኖች ዶላር የሰበሰበው። መሥራቿ ሩጃ ኢግናቶቫ በፈረንጆቹ 2017 ተሰወረች፣ የሸጠችው ክሪፕቶም እውነተኛ ብሎክቼይን (ዝውውሮች የሚመዘገቡበት የጋራ ዲጂታል መዝገብ) አልነበረውም።

በፒቱፒ ሽያጭ ኤስኤምኤስን እንደ ገንዘብ መቁጠር

ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) በፒቱፒ፣ ማለትም ቀጥታ ለሌላ ሰው፣ ሲሸጡ ገዢው የሐሰት ስክሪንሾት ወይም ባንክ የላከው የሚመስል ኤስኤምኤስ ይልካል። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ከተራ ስልክ ቁጥር ከመጣ ሐሰት ነው። ከ127 ቢመስልም እንኳ መተግበሪያውን ከፍተው ቀሪ ሂሳብዎን ሳያዩ ዩኤስዲቲውን አይልቀቁ። የላኪው ስም ከገዢው ስም ጋር ካልተመሳሰለም ግብይቱን ያቁሙ፤ የተሰረቀ ገንዘብ ከሆነ የሚታገደው የእርስዎ ሂሳብ ነው።

አድራሻና 12ቱን ቃላት አለመጠበቅ

የዋሌትን (የክሪፕቶ ቦርሳዎን) 12 ወይም 24 የመክፈቻ ቃላት የያዘ ሰው ሁሉንም ይወስዳል፤ እውነተኛ የድጋፍ ሠራተኛ በፍጹም አይጠይቅም። ክሪፕቶ የሚላክበትን አድራሻ ሲገለብጡም ከቀድሞ ዝውውር ዝርዝር አይውሰዱ፤ አጭበርባሪዎች መጀመሪያና መጨረሻው የሚመሳሰል አድራሻ እዚያ ይጥላሉ።

ከተበሉ በኋላ «እናስመልስልዎታለን» የሚልን ማመን

የተበሉ ሰዎችን ዝርዝር ይዘው የሚመለሱት ብዙ ጊዜ እነዚያው ናቸው። ብሎክቼይን ላይ የተላከን ዝውውር ማንም አይሽረውም። በብር ከላኩ ወዲያውኑ ወደ ባንክዎ ይደውሉ፤ በዩኤስዲቲ ከሆነ የዝውውሩን መለያ ቁጥር ይዘው ለተጠቀሙበት የመገበያያ መድረክ ያመልክቱ፣ ተቀባዩ ገንዘቡን እዚያው ካቆየው ሊያግዱት ይችላሉ። የቴሌግራሙን ንግግር ሳያጠፉ፣ የስልክ ቁጥሮቹንና የሂሳብ ቁጥሮቹን ጽፈው ለፖሊስ ያቅርቡ። ያስገቧቸው ዘመዶች ካሉም ዛሬውኑ ይንገሯቸው፤ አንዳንዶቹ ገና አልከፈሉ ይሆናል።