ኬጂ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከትንንሽ ልጆች ጋር ስሠራ ዓመታት አለፉ። አሁን ድርሻዬ ትምህርት የከበዳቸውንና ሆድ የባሳቸውን ልጆች ለብቻ መደገፍ ነው። በየመስከረሙ አዲስ መምህርና አዲስ ወላጅ ይመጣል። ስህተቱ ግን ያው የአምናው ነው።

የመጀመሪያው በር ላይ ይጀምራል። እናት ልጇ መጫወቻ ሲያይ ጠብቃ ሹልክ ትላለች። ልጁ ዞር ሲል የለችም። በማግስቱ ቀሚሷን ጨምድዶ ይይዛል፤ ምን ያድርግ? ተሰናበቱት። «ምሳህን በልተህ ስትጨርስ እመጣለሁ» በሉት፣ ባላችሁት ሰዓትም ኑ። ያለቅሳል፤ ያልቅስ። ደህና ተሰናብተውት የሄዱት ልጅ ቶሎ ይረጋጋል።

«ለሚስ እነግርብሃለሁ» እያላችሁም በእኛ አታስፈራሩት። ሲከፋው ሮጦ የሚመጣው ወደ እኛ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ ልጅን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዳያወራ መከልከል። ክፍሉ በር ላይ «እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። አማርኛ ያመለጠው ልጅ ይቀጣል። የአራት ዓመት ልጅ እኮ ነው! ሽንቱ መጥቶ እንግሊዝኛው ስለጠፋው ልብሱ ላይ የለቀቀ ልጅ በእጄ አጥቤ አውቃለሁ። ወላጅም «ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ አውሩት» ይባላል። እናት የምታውቃትን ሃያ ቃል ይዛ ከልጇ ጋር ትቀራለች። ተረቱም፣ ቁጣውም፣ እሹሩሩውም ይቆማል። ቋንቋ በቋንቋ ላይ ነው የሚገነባው። መሠረቱን አፍርሳችሁ ምኑ ላይ ልትሠሩ ነው? በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው የሚለው።

እኔም አጥፍቻለሁ። ኮምቦልቻ እያለሁ ቤተሰቦቿ ከከሚሴ በኩል የመጡ አንዲት ልጅ ነበረችን። ሁለት ወር ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም። ማስታወሻዬ ላይ «የንግግር ችግር ሳይኖርባት አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ፤ እናቷንም ሐኪም ቤት ውሰጃት ብዬ አስደነገጥኳት። አንድ ቀን ቧንቧው ጋ የማላውቀው የልጅ ድምፅ ሰማሁ። ኩባያ ከምታጥበው የጽዳት ሠራተኛችን አጠገብ ቁጢጥ ብላ በኦሮምኛ ታወራለች። ፍየላቸው ወልዳለች። ግልገሉ እንዴት እየተንገዳገደ እንደተነሳ በሁለት እጇ መሬት ላይ ታሳያለች፤ ወድቆ ደግሞ ሲነሳ። ትንፋሽ እንኳ አትወስድም። ያኔውኑ ገብቼ ማስታወሻውን ሰረዝኩ፣ እናቷንም ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጥቂት የኦሮምኛ ቃላት አስጠናችኝ። በማግስቱ ልጅቷን «ኮቱ»፣ ነይ ማለት ነው፣ ብዬ ስጠራት ቀና ብላ አየችኝና መጣች።

አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ ለወራት ዝም ሊል ይችላል። እየሰማ ነው። የንግግር ችግር ካለበት በቤቱ ቋንቋም ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ወላጁን «ቤት ውስጥ እንዴት ነው የሚያወራው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጆሮውን ሳያስመረምሩ «ሰነፍ ነው» ማለትም አለ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። ጉንፋን ሲደጋገም ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ይቀራል፤ ልጁ አንድ ቀን ይሰማል፣ አንድ ቀን አይሰማም። ሲጠሩት የማይዞር፣ «ምን?» የሚያበዛ ልጅ ጆሮው ይታይ።

ግራኝ ልጅ በግራው ይጻፍ። በቀኝ መብላቱን በቤታችሁ ወግ አስተምሩት፤ እርሳሱን ግን ተዉለት።

«ደብተሩ ባዶ ነው» እያላችሁ የቤት ሥራ አታስከምሩበት። አንደኛ ክፍል የሚገባው 7 ዓመት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ጣቶቹ ይጠንክሩ፦ ሊጥ ያድቦልቡል፣ ባቄላ ይፈልፍል፣ ቁልፉን ራሱ ይቆልፍ። ማታም በጊዜ ይተኛ። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው ስህተት ልጅ የሚያስፈራ ጨዋታ ሲጫወት መከልከል ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ከወጣ በኋላ ልጆቹ ሲመለሱ ጨዋታቸው ሁሉ ሽሽት ሆነ። እኔ «ተዉ፣ ሌላ ተጫወቱ» እል ነበር። ሲተዉልኝ የተሻላቸው መስሎኝ ነበር፤ እኔ የማላይበት ጥግ ሄደው ይጫወቱት ነበር እንጂ። ጨዋታው ሳይለወጥ ለሳምንታት ከተደጋገመ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ ከጀመረ ባለሙያ ይየው። አለዚያ ግን አጠገቡ ቁጭ በሉ።

በኋላ እኔም ቁጭ ማለት ጀመርኩ። አንዷ አሻንጉሊቷን በነጠላ አዝላ «እንሂድ» ትላለች። ክፍሉን ትዞራለች። «የት ደረሳችሁ?» እላታለሁ። «ገና ነን» ትለኛለች። በየቀኑ ገና ናቸው። አንድ ጠዋት ምንጣፉ ላይ ቆመችና «ደረስን» አለች። ነጠላውን ፈታች፣ አሻንጉሊቷን አስተኛችና አለበሰቻት።