ሴሊካ ቱርቦ ስታንኳኳ፦ ታይሚንግ ከመንካታችሁ በፊት ቲኢ1ን እና ኢ1ን አገናኙ

መኪናዋ ቶዮታ ሴሊካ ጂቲ-ፎር ናት፤ ሞተሯ 3ኤስ-ጂቲኢ። ሚኒሞ ላይ ጸጥ ትላለች። ቱርቦው ሲገባ ግን ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚናጥ ይመስላል። ጉልበትም የላትም።

ካንዴላ ተቀየረ፣ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ተሞላ። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ታይሚንግ ላይት (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ፣ ማለትም ታይሚንጉን፣ የሚያሳይ መብራት) ሲበራባት ደግሞ ሞተሩ ፊት ያለው የፑሊው ምልክት አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ጊዜ የበላው ይሄ ነው። ለካ ኮምፒውተሩ ራሱ እሳቱን እያስቀደመና እያዘገየ ኖሯል!

የሠራው እንዲህ ነው። ሞተሩን በደንብ አሙቁ፤ ኤሲና መብራት ይጥፋ። ኮፈኑ ሥር ባለው የዲያግኖስቲክ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 (TE1) እና ኢ1 (E1) የተባሉትን ሁለት ተርሚናሎች በአጭር ሽቦ አገናኙ። የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ አትደንግጡ። አሁን ኮምፒውተሩ እጁን ሰብስቧል፤ ምልክቱ ይረጋል። የእኔ 16 ዲግሪ ላይ ነበር፤ መሆን ያለበት 10 ነው፤ እሳቱ ከሚገባው በላይ ቀድሟል ማለት ነው። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ቡሎኖች ላላ አድርጌ በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ አዞርኩት። ቡሎኑ ሲጠብቅ ሊንሸራተት ስለሚችል ድጋሚ በላይቱ እዩት።

ማንኳኳቱ ቀጥ አለ። ሽቦውን ስትነቅሉ ንባቡ ከ10 ከፍ ይላል፤ ጤነኛ ነው፣ መልሳችሁ እንዳትነኩት።