ከሃምስትሪንግ ጉዳት በኋላ ወደ ሜዳ እንዴት ይመለሳሉ (ያው ጡንቻ ድጋሚ ሳይሰነጠቅ)

ያኔ በከፍተኛ ሊግ ክለብ ውስጥ የመስመር አጥቂ ነበርኩ። የግራ ጭኔ ከኋላ በኩል፣ ሃምስትሪንግ የሚባለው ጡንቻ፣ ተጎድቶ አርፌያለሁ። በሳምንቱ ህመሙ ጠፋ። ደረጃ እወጣለሁ፣ ሶምሶማ እሮጣለሁ፣ ምንም የለም። ቡድኑ ሰው አጥሮት ስለነበር በ12ኛው ቀን «ደህና ነኝ» ብዬ ገባሁ። በ18ኛው ደቂቃ ረጅም ኳስ ለመድረስ ስፈተለክ አንድ ሰው ጭኔን በጠጠር የመታኝ መሰለኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ዝም ብዬ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጉዳት ሦስት ሳምንት ታግሼው ቢሆን ያልቅ ነበር። ሁለተኛው ሦስት ወር ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ነው የለቀቀኝ።

ይሄ ሐኪም በሌለበት ክለብ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ዲዬጎ ኮስታ እ.ኤ.አ. በ2014 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሃምስትሪንጉ ተጎዳ። ቤልግሬድ ሄዶ በፈረስ የእንግዴ ልጅ ፈሳሽ ታከመ፤ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ሊዝበን ላይ ቋሚ ሆኖ ገባ። በ9ኛው ደቂቃ ወጣ። አትሌቲኮ ማድሪድ አንድ ቅያሪ በከንቱ አቃጠለ፣ የሪያል ማድሪዱ ራሞስ በ93ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፣ አትሌቲኮ በጭማሪ ሰዓት ተሸነፈ።

ዛሬ የወጣት ቡድን የአካል ብቃት አሠልጣኝ ነኝ። ልጆቹን የማስኬድበትን መንገድ ነው ከዚህ በታች የጻፍኩት። ትልልቆቹ ክለቦችም በመሠረቱ የሚሄዱበት ይሄው ነው፤ እነሱ ማሽን ይጨምሩበታል።

መጀመሪያ ግን ጡንቻው ምን እንደሚሠራ

ሃምስትሪንግ የምንለው ሦስት ጡንቻ ነው። ከምንቀመጥበት አጥንት ተነስቶ ከጉልበት በታች ይታሰራል። በሙሉ ፍጥነት ስንሮጥ እግራችን ወደ ፊት ይወረወራል፤ መሬት ከመርገጡ በፊት ፍሬን የሚይዝለት ይሄ ጡንቻ ነው። ባልዲ ወደ ጉድጓድ የሚያወርድ ሰው ገመዱን እየያዘ ቀስ እያለ እንደሚለቀው፣ ጡንቻውም እየተለጠጠ ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። በሶምሶማና በደረጃ ላይ ያቺ ቅጽበት የለችም። ለዚህ ነው ደረጃ መውጣቴ ምንም ያልነገረኝ።

ደረጃ 1፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በዚያው ደቂቃ አቁሙ። «እስኪ ልሞክረው» የለም። ጭኑን በላስቲክ ፋሻ ጠበቅ አድርጉ፣ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተኙ። በረዶ ለህመሙ ጥሩ ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። አትሳቡት። ሙቅ ውሃ የለም፣ አልኮል የለም፣ ማሸት የለም።

ማሸት ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ አገር ወጌሻ ሁለት ዓይነት ነው፤ የክለቡና የሰፈሩ። እኔ በሁለተኛው ቀን የሰፈሩ ጋ ሄድኩ። ጎበዝ ሽማግሌ ናቸው፣ ወለምታ ላይ እጃቸው ይባረክ ያሰኛሉ። «አይዞህ ልጄ፣ ደሙ ቋጥሮ ነው» ብለው በሙቅ ውሃና በቫዝሊን ግማሽ ሰዓት አሹኝ። በማግስቱ ጭኔ እስከ ጉልበቴ ወይን ጠጅ መስሎ አደረ። አዲስ የተሰነጠቀ ጡንቻ ውስጥ ደሙ ገና መቆሙ ነው። ስታሹት እንደገና ይደማል።

ሲጎዳ «ቷ» የሚል ነገር ከተሰማችሁ፣ እግራችሁን መርገጥ ካቃታችሁ፣ ህመሙ የምትቀመጡበት አጥንት ላይ ከሆነ ወይም እግራችሁ ከደነዘዘ ግን ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጅማቱ ራሱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ የሚታይ፣ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 2፦ መራመድና ሶምሶማ

ሳታነክሱ መራመድ ስትችሉ ተራመዱ። ያለ ህመም በፍጥነት መራመድ ስትችሉ ሶምሶማ ጀምሩ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ደረጃ 3፦ ጡንቻውን እየለጠጡ ማጠንከር

ስዊድናዊው ተመራማሪ ካርል አስክሊንግ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጥናት ብዙ ክለቦችን አስተሳሰባቸውን ቀይሮታል። 75 የስዊድን ከፍተኛ ደረጃ ተጫዋቾችን ለሁለት ከፈለ። የተለመደውን ማጠንከሪያ የሠሩት ወደ ሙሉ ልምምድ ለመመለስ በአማካይ 51 ቀን ፈጀባቸው። ጡንቻውን በተለጠጠበት ሁኔታ የሚያሠሩ ሦስት እንቅስቃሴዎችን የሠሩት በ28 ቀን ተመለሱ። ሦስቱም ቤት ውስጥ ይሠራሉ፤ ለአንዱም ጂም አያስፈልግም።

የመጀመሪያው፦ በጀርባችሁ ተኝታችሁ የተጎዳውን ጭን፣ ጉልበቱ እንደታጠፈ፣ በሁለት እጃችሁ ደግፋችሁ ወደ ላይ አቁሙት፤ ከዚያ ጉልበቱን ቀስ ብላችሁ ዘርጉ፣ ህመም ከመጀመሩ በፊት መልሱ። 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በቀን ሁለቴ። ሁለተኛው፦ በተጎዳው እግር ቆማችሁ፣ እጃችሁን ወደ ፊት ሌላውን እግር ወደ ኋላ ዘርግታችሁ እንደ ዋናተኛ አጎንብሱ፤ 6 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በየሁለት ቀኑ። ሦስተኛው ከባዱ ነው። ጠረጴዛ ወይም በረንዳ ይዛችሁ የተጎዳውን እግር ከፊት አድርጉ፤ ክብደታችሁ ተረከዙ ላይ ይሁን። ሌላውን እግር በካልሲ በሴራሚክ ላይ ወደ ኋላ አንሸራትቱ። ስትመለሱ በእጃችሁ ተሳቡ እንጂ በእግር አትግፉ። 4 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በየሦስት ቀኑ። ህመም ካለ ቀንሱ፤ እዚህ «ጥርስህን ንከስ» የሚባል ነገር አይሠራም።

ደረጃ 4፦ ኖርዲክ

ይሄኛው ለማገገምም ለመከላከልም ነው። ለስላሳ ነገር ላይ ተንበርከኩ፤ የመጅሊስ ፍራሽ ተስማሚ ነው። አንድ ሰው ቁርጭምጭሚታችሁን አጥብቆ ይያዝ። ከጉልበት እስከ ትከሻ እንደ እንጨት ቀጥ ብላችሁ ወደ ፊት ቀስ እያላችሁ ውደቁ፣ የቻላችሁትን ያህል ተቋቋሙ። ሲያቅታችሁ በእጃችሁ መሬቱን ተቀበሉት፣ በእጃችሁም ገፍታችሁ ተነሱ። ዳሌው ሊታጠፍ ይፈልጋል። ዳሌ ከታጠፈ ሥራው ጠፋ፤ ሰው ሲሰግድ ነው የሚመስለው።

ዴንማርክ ውስጥ በ50 ቡድኖች 942 ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ኖርዲክ የሠራው ግማሽ 15 የሃምስትሪንግ ጉዳት ገጠመው፣ ያልሠራው 52። የአሠራሩ መርሐ ግብር 10 ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ 5 ጊዜ በሁለት ዙር። በሁለተኛው ሁለት ቀን፣ 6 ጊዜ በሁለት ዙር። ከሦስተኛው ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሦስት ዙር፣ ቁጥሩን እየጨመሩ። እኔ በመጀመሪያው ቀን 30 ሠርቼ ለሦስት ቀን ሽንት ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ትንሿን ቁጥር አትናቋት።

ይህን ሁሉ እያወቁ አብዛኞቹ ትልልቅ ክለቦች ኖርዲክን እንደታዘዘው አልሠሩትም፤ ይሄም ራሱ ተጠንቶ ታውቋል። ተጫዋች ያሰለቸዋል፣ ጡንቻ ያሳምማል፣ ጨዋታ ይደራረባል። ስለዚህ ከጨዋታ ዋዜማ አርቃችሁ፣ ከልምምድ በኋላ ሥሩት።

ደረጃ 5፦ ሙሉ ፍጥነት

ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እኔም የዘለልኩት ይሄንን ነው። ከሶምሶማ ተነስቼ ጨዋታ ገባሁ፤ በመሃል ያለውን ገደል አላየሁትም። ከ80 በመቶ ፍጥነት ወደ 100 ስትሄዱ ጡንቻው ላይ ያለው ጫና 20 በመቶ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፤ ይዘላል። በ80 በመቶ ለአንድ ወር ያለ ህመም መሮጥ ትችሉ ይሆናል፣ ስለ 100 ግን ምንም አይነግራችሁም።

ክለቦች ተጫዋቹ ጀርባ ላይ ጂፒኤስ ያለበት ቬስት ያለብሱና ፍጥነቱን በቁጥር ያነባሉ። እኛ ስልክና አራት ኮን አለን፤ ኮን ከሌለ የውሃ ፕላስቲክ። 60 ሜትር ለኩ። የመጀመሪያው 20 ሜትር ፍጥነት መሰብሰቢያ፣ መሃሉ 20 የሚለካው፣ የመጨረሻው 20 ቀስ ብሎ መቆሚያ። አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ቪዲዮ ይቅረጽ። ጤነኛ ሳላችሁ መሃሉን 20 ሜትር በ2.5 ሰከንድ ትጨርሱ ከነበረ፣ 80 በመቶው 3.1 ሰከንድ፣ 90 በመቶው 2.8 ሰከንድ ገደማ ነው። ይህን የምለው ሰው የራሱን ፍጥነት መገመት ስለማይችል ነው። ከልጆቼ አንዱ «በ70 ነው የሮጥኩት» ብሎኝ ቪዲዮውን ስናየው 90 አልፏል። ደስ ስላለው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

በአንድ ቀን 6 ሩጫ፣ በመካከሉ ሁለት ደቂቃ እረፍት። በሚቀጥለው ቀን እረፉ። ከ60 ወደ 70፣ ከ70 ወደ 80 በአሥር ውጡ። ከ80 በኋላ ግን በአምስት፤ 85፣ 90፣ 95፣ 100። ጉዳታችሁ ከበድ ያለ ከነበረ ከ80 በላይ እያንዳንዷን እርከን ሁለት ሁለት ቀን ድገሟት።

ፍርዱ የሚሰጠው በማግስቱ ጠዋት ነው። ስትነሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣችሁ ሁለቱንም ጉልበት ተራ በተራ ዘርጉ። የተጎዳው ከሌላው ይልቅ የሚይዛችሁ ከሆነ አንድ እርከን ውረዱ። በሩጫው ጊዜ ሰውነት ሞቆ ይደብቃል፣ ጠዋት ግን አይዋሽም።

እዚህ ደረጃ ላይ እንደ ዲክሎፌናክ ያለ የህመም ማስታገሻ ተወግቶ ወይም ውጦ መሞከር ራስን ማታለል ነው። ህመሙ ነው ፍሬኑን የሚያሳያችሁ፤ እሱን አጥፍታችሁ ምን ልትለኩ ነው? አርየን ሮበንን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከዓለም ዋንጫው ቀናት በፊት ከሃንጋሪ ጋር ሲጫወት ተጎዳ፣ በሦስተኛው የምድብ ጨዋታ ተመለሰ፣ እስከ ፍጻሜው ተጫወተ። ክለቡ ባየርን ሙኒክ ሲመረምረው ጡንቻው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስንጥቅ አገኘ። እስከ ጥር 2011 ሳይጫወት ቆየ፤ ክለቡና የኔዘርላንድስ ፌዴሬሽንም ተጣሉበት።

ቀጥ ያለው ሩጫ 100 ሲሞላ ድንገት መቆም፣ መዞርና ኳስ መምታት ጨምሩ። እነዚህን አሠልጣኛችሁ ያውቃቸዋል።

ደረጃ 6፦ ከመግባታችሁ በፊት

ሌሎቹ ምርመራዎች ሁሉ ሲያልቁ የአስክሊንግ የመጨረሻ ፈተና አለ። በጀርባ ተኝታችሁ፣ ጉልበቱ እንዳይታጠፍ ታስሮ፣ እግሩን በቻላችሁት ፍጥነት ወደ ላይ ወርውሩት። ማመም የለበትም። ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ስትወረውሩት ፈራችሁ? ከፈራችሁ አልደረሳችሁም። እኔ በ12ኛው ቀን ይህን ብሠራ ኖሮ እግሬን ግማሽ መንገድ ላይ እይዘው ነበር።

ከዚያ ከቡድኑ ጋር ሙሉ ልምምድ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት። መጀመሪያ ስትገቡ ተቀያሪ ሆናችሁ 20 ወይም 30 ደቂቃ። ይህን ለአሠልጣኙ ቀድማችሁ ንገሩት፣ በጨዋታው መሃል አይሰማችሁም።

ደረጃ 7፦ ከተመለሱ በኋላ

የአውሮፓ ክለቦችን ጉዳት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚመዘግበው የዩኤፋ ጥናት እንደሚያሳየው የሃምስትሪንግ ድርሻ መጀመሪያ ላይ ከጉዳቶች ሁሉ 12 በመቶ ነበር። በ2021/22 የውድድር ዘመን 24 ደርሷል። የሚደገሙት ጉዳቶች አብዛኞቹ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ኖርዲኩን በሳምንት አንድ ቀን አታቋርጡ፤ በሳምንት አንዴም ከ95 በመቶ በላይ ጥቂት ሩጫ ሩጡ። ጨዋታ ላይ ብቻ ሙሉ ፍጥነት የሚያይ ጡንቻ በእንግዳ ነገር ይደነግጣል።

እኔ ጫማ ከሰቀልኩ ዓመታት ቢሆኑም ሐሙስ ማታ ኖርዲክ አለኝ። ቁርጭምጭሚቴን የምትይዝልኝ ታናሽ እህቴ ናት። ሁልጊዜ ሦስተኛው ዙር ላይ ስልኳ ይጠራል፣ ልታነሳ ትለቀኛለች፣ እኔም በአፍንጫዬ መጅሊሱ ላይ።