ከጥለት ቁራጭና ከአለላ፦ የእንቁጣጣሽ ካርድና የቤተሰብ አልበም አሠራር

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ቀሚስ ተቆርጦ ሲያልቅ ከማሽኑ ሥር የጥለት ቁራጭ ይከማቻል፤ አንዱ ሁለት ጣት፣ ሌላው ክንድ የሚያህል። እሱን በፌስታል አጠራቅሜ ነሐሴ ሲገባ የእንቁጣጣሽ ካርድ እሠራበታለሁ፤ የተረፈው የቤተሰብ አልበም ማስጌጫ ይሆናል። ደንበኛም ጎረቤትም አሠራሩን ስለሚጠይቀኝ ከነልኩ እዚህ ልጻፈው።

አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር። ከሱቅ የሚገዛው ተለጣፊ አበባና ልብ ለማንም ሰው ይሆናል፤ ተቀባዩም አንዴ አይቶት መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ጌጡን ከሰውየው ሕይወት ውሰዱለት፦ እናቱ ከለበሰችው ነጠላ ጥለት፣ አክስቱ ሞሰብ ከምትሰፋበት አለላ፣ በሰፈሩ ሜዳ ከበቀለው አደይ። እንዲህ ያለ አንድ ነገር ካርዱ ላይ ካረፈ ሌላ ጌጥ መደረብ አያስፈልግም።

ወረቀቱ

የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው፤ ለካርድ ይልመሰመሳል። የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ገብታችሁ ከ200 እስከ 250 ግራም ያለውን ጠንካራ ወረቀት ጠይቁ። ኤ4ን መሀል ለመሀል ብትቆርጡት ሁለት ኤ5 ይወጣዋል። እያንዳንዱ ኤ5 ለሁለት ሲታጠፍ 148 በ105 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ ይሆናል፣ ሲ6 በሚባለው 162 በ114 ሚሊ ሜትር ፖስታ ውስጥም ልክክ ብሎ ይገባል። ከአንድ ወረቀት ሁለት ካርድ ማለት ነው።

ጨርቅ ድርና ማግ እንዳለው ሁሉ ወረቀትም አቅጣጫ አለው። ሳትቆርጡ በፊት በአንዱ ጎን፣ ቀጥሎ በሌላው ጎን ለስለስ አድርጋችሁ ጎበጥ አድርጉት፤ በአንደኛው ይታዘዛል፣ በሌላኛው ይገትራል። መታጠፊያው በሚታዘዘው በኩል ይሁን። በሚገትረው በኩል የታጠፈ ወፍራም ወረቀት ጀርባው ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ቀለም ያለው ከሆነ ደግሞ ነጩ ብቅ ይላል። ለመታጠፊያው ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ጠርዝ ጫን እያላችሁ አንድ ጊዜ ጎትቱ፣ እጠፉት፣ ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ፈግፍጉት።

ጥለት

ጥለት መቀስ ሲነካው መተርተር ይጀምራል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ጀርባውን ማጠንከር ያስፈልጋል። አናጢዎች የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ ሁለት እጅ፣ ውሃ አንድ እጅ አድርጋችሁ በጥብጡና በጀርባው በኩል በብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ኮላው ከበዛ ወደ ፊት ዘልቆ የሚያብለጨልጨውን ክር ያደበዝዘዋል፤ ቀብታችሁ ስትገለብጡት ፊቱ እርጥብ ከመሰለ በዝቷል። ፌስታል ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወረቀት ላይ ከሆነ ይጣበቃል። ሲደርቅ እንደ ወረቀት ቀጥ ብሎ ይቆረጣል።

ቁራጩን በቀጥታ ካርዱ ላይ አትለጥፉት፤ ጫፉ ከጊዜ በኋላ ይነሣል። ከሌላ ቀለም ወረቀት 138 በ95 ሚሊ ሜትር ቁረጡ። ይህ ከካርዱ ፊት በዙሪያው 5 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ክፈፍ ይሠራል። ጥለቱን 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል አድርጋችሁ ቁረጡና በዚህ ወረቀት ላይ በአጭሩ ጎን በኩል አጋድሙት፣ የተረፈውን ጫፍ በሁለቱም በኩል ወደ ጀርባ አጥፋችሁ በፕላስተር ያዙት። ከዚያ ወረቀቱን ካርዱ ላይ በባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፉ። ኮላ እዚህ ላይ አይሆንም፤ ውሃው ሰፊ ወረቀት ያሸበሽባል፣ በነሐሴ ዝናብ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም።

ጥለቱን መሀል ላይ አታሳርፉት። ወደ ታች፣ ከካርዱ ሦስት እጅ አንዱ አካባቢ ሲቀመጥ ቀሚስ ላይ ያለ ይመስላል፣ ከላይ ያለው ባዶ ቦታም ለአበባ ወይም ለጽሑፍ ይተርፋል።

አለላ

በጣም የምወደው ሥራ ይሄ ነው። አለላ ሞሰብና ሰፌድ የሚሰፋበት፣ ቀለም የተነከረ ስንደዶ ነው፤ ገበያ ላይ በእስር ይገኛል። እንዳለ ካርድ ላይ ቢለጠፍ እየተንከባለለ ይነሣል፤ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ማድረግ ይገባል።

ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉት። ቀለሙ ስለሚለቅ ቀዩንና ቢጫውን አንድ ሳህን ውስጥ አትክተቱ። 20 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ አንዱን ጣታችሁ ላይ ጠቅልሉት፤ ካልተሰበረ ደርሷል። ሰፊዎቹ እንደሚያደርጉት በወፍራም መርፌ ጫፍ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቁት። መርፌው ወደ ጎን እንዳይወጣባችሁ መርፌውን አትግፉ፤ መርፌውን አጽንታችሁ ይዛችሁ አለላውን ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ውስጡ ነጭ ለስላሳ ነገር ካለው በቢላ ጀርባ ፋቅ ፋቅ አድርጉለት። እርጥቡን በሁለት አሮጌ ጨርቅ መሀል አድርጋችሁ መካከለኛ ሙቀት ባለው ካውያ ተጫኑት። ስታነሡት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ስስ ጥብጣብ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እነዚህን ጥብጣቦች ስስ ወረቀት ላይ ኮላ ቀብታችሁ ጎን ለጎን፣ ክፍተት ሳትተዉ ደርድሯቸው። መጽሐፍ ጫኑበትና እስኪደርቅ ተዉት። አሁን የአለላ ወረቀት አላችሁ ማለት ነው፤ በጀርባው በእርሳስ ሣሉና በመቀስ ቁረጡት። አልማዝ ቅርጽ፣ መስቀል፣ የሰፌድ ኮከብ፣ የፈለጋችሁት ይወጣል። ፊደል ከሆነ ግን ከጀርባ የተሣለ ከፊት ተገልብጦ እንደሚታይ አስቡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አለላ ብርሃን የሚመልሰው በተኛበት አቅጣጫ ነው። ከአንድ ቀይ ሁለት አልማዝ ቁረጡ፣ የአንዱ ክር ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ጎን ይሁን። ካርዱን ከመስኮት አጠገብ ስታዘነብሉት አንዱ ደም ቀይ፣ ሌላው ወደ ጥቁር የሚያደላ ይመስላል። ሁለተኛ ቀለም ሳትጨምሩ ጥላ አገኛችሁ።

አደይ

አደይ የሚፈካው በመስከረም፣ ካርዱ መድረስ ያለበት ደግሞ ከመስከረም 1 በፊት ስለሆነ የዘንድሮን አበባ ለከርሞ አድርቁ። ረፋድ ላይ፣ ጤዛው ከላዩ ሲደርቅ ልቀሙ። ጋዜጣ አትጠቀሙ፣ ቀለሙ ይነካዋል፤ አበባውን በሁለት ሶፍት መሀል በፊቱ ደፍታችሁ፣ መሀሉን በአውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ክተቱት። ሶፍቱን በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን ቀይሩ። ሻጋታ የሚይዘው ውሃ ከሚበዛበት ከመሀሉ ስለሆነ ይህን አትዝለሉ። በሁለት ሦስት ሳምንት ይደርሳል። ለቸኮለ ሰው እንፋሎቱ የተዘጋ፣ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ካውያ በወረቀት ላይ ጫን ነሣ፣ ጫን ነሣ እያደረጉ ማድረቅ ይቻላል፤ ቀለሙ ግን የመጽሐፉን ያህል አያምርም።

ስትለጥፉ በጥርስ እንጨት ጫፍ አንዲት ጠብታ ኮላ ከመሀሉ ሥር ብቻ። ካርዱ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ከቆመ ቢጫው ይነጣል።

ጽሑፉ

ብዙ ሰው ዘመኑን ይሳሳታል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ 1 ከቀረ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከቀረ ማርቆስ፣ 3 ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። 2019 ሲደመር 5500 ሲሆን 7519፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል። ስለዚህ ለ2019 «ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ እንኳን በሰላም አሸጋገረዎት» ተብሎ ይጻፋል። አሸጋገረዎት ለትልቅ ሰው ነው፤ ለእኩያ አሸጋገረህ፣ አሸጋገረሽ። ከዚያ በታች ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ ዘንድሮ ስላደረገላችሁ ነገር፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ጤናው።

ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ሥዕሉን ለልጁ ተዉለት። ወንዶች ልጆች በእንቁጣጣሽ ማለዳ በእጃቸው የሣሉትን አበባና መልአክ ይዘው ጎረቤት ሲዞሩ፣ ሳንቲም ሲሰጣቸው ነው ያደግነው። አሁን የታተመ ገዝቶ ማደል በዝቷል፤ ያሳዝነኛል። ሕፃኑ የሣላትን የተንጋደደች ፀሐይ አታርሙበት። በዙሪያዋ ቀጭን ጥለት ክፈፍ ብታደርጉላት ይበቃል።

አልበሙ

ድሮ እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ ከቡፌው አልበም ይወጣለታል። ያንን ልማድ ብንመልስ ደስ ይለኛል፤ ሥራው ግን ከካርድ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ካርድ ቢበላሽ ሌላ ይሠራል።

የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ጀርባውን አዙራችሁ እዩ። «ለማስታወሻ» የሚል የእጅ ጽሑፍ፣ ቀን፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ሊኖር ይችላል። ኮላ ከቀባችሁት ያ ሁሉ ተደፈነ። ስለዚህ ዋናውን በመስኮት ብርሃን፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ በስልክ አንሥታችሁ አሳትሙና ኮፒውን ለጥፉ፤ ዋናው ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ። ዋናው ራሱ ገጹ ላይ ይሁን ካላችሁ ደግሞ በወረቀት ማዕዘን ያዙት፦ 4 በ2 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ቁረጡ፣ ከላይኛው ጠርዝ መካከል ጀምራችሁ ሁለቱን ክንፎች ወደ ኋላ ወደ ታች እጠፉ፣ ሦስት ማዕዘን ኪስ ይሆናል። ኮላው ክንፎቹ ላይ ብቻ ይቀባል። አራቱን ኪሶች በፎቶው ማዕዘኖች አጥልቃችሁ ገጹ ላይ ታሳርፏቸዋላችሁ። ፎቶው ምንም ሳይነካው ይገባል፣ ይወጣል።

ገጹ ሙጫ የተቀባና ላስቲክ የሚሸፍነው ዓይነት አሮጌ አልበም ቤታችሁ ካለ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ፎቶውን ይዞ አይለቅም። አትጎትቱት። በመጀመሪያ እዚያው እንዳለ በስልክ አንሡት፣ ከዚያ የጥርስ ክር ከጀርባው አስገብታችሁ በቀስታ ወዲያና ወዲህ እያደረጋችሁ አላቅቁ። ለአዲሱ ገጽ ጋዜጣና ቡናማ ካርቶን አይሆኑም፤ አሲድ ስላላቸው ራሳቸው ይቢጫሉ፣ ፎቶውንም ያበላሻሉ። አሲድ የሌለው ወረቀት ከተገኘ እሱን ግዙ።

አንድ ገጽ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ፣ ቢበዛ ሁለት ትንንሽ። ጥለቱ ከትልቁ ፎቶ ሥር ጠርዙን ተንተርሶ ይለፍ። ምንም ሳትለጥፉ ደርድራችሁ በስልክ አንሡ፣ አቀያይሩና ድጋሚ አንሡ፤ ሥዕሉ ላይ ዓይን የሳተው ይታያል። ቁልፍና ዶቃ የምትለጥፉ ከሆነ ደብተሩ ሲዘጋ በትይዩው ገጽ ባዶ ቦታ ላይ እንዲያርፉ አስቡ፤ ፎቶ ላይ ካረፉ ያሰረጉዱታል። አልበሙ ሆዱ እንዳያብጥ በየገጹ መሀል፣ በመጠረዣው በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ወረቀት አስገቡ። ብልጭልጭ ዱቄት ግን ከፎቶ አጠገብ አታድርሱ፤ እየረገፈ ይጭረዋል።

ከአያት ቀሚስ ወይም ነጠላ ጥለት ስትወስዱ ጤነኛውን አትቁረጡ፤ ከተቀደደው ወይም ካለቀው ጫፍ ሦስት ጣት ይበቃል። በጣም ያረጀ ጥጥ ኮላው ሳይቀባ በፊት በመቀስ ቢነካ ዱቄት ይሆናል።

ከሥሩ ስም ጻፉ። «አጎቴ» አትበሉ፣ ልጆቻችሁ የማን አጎት እንደሆነ አያውቁም፤ ከነአባት ስሙ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቦታውና ዓመቱ። ፎቶው ጀርባ ላይ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጻፍ። በሕይወት ያለ ትልቅ ሰው ካለ አልበሙን ይዛችሁ ሄዳችሁ አሁኑኑ ጠይቁ።

ፖስታ

ወደ ውጭ የሚሄድ ካርድ ላይ ዶቃና ቁልፍ አታድርጉ፣ ይደፈጠጣል። አውስትራሊያ ላለ ዘመድ አደይና አለላ አትላኩ፤ እዚያ የደረቀ ተክል ቁጥጥሩ ጥብቅ ስለሆነ ሊወረስ ይችላል፣ ለእነሱ ጥለት ይሁን። አሜሪካ ውስጥ ሆናችሁ የምትልኩ ደግሞ አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፖስታና የማይተጣጠፍ ካርድ ተጨማሪ እንደሚያስከፍል፣ ውፍረቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈም እንደ ደብዳቤ እንደማይቆጠር እወቁ። ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ የምትልኩ ግን ነሐሴን ሳትጠብቁ ሠርታችሁ ሐምሌ ሳያልቅ ፖስታ ቤት አድርሱት፣ ካርዱንም በሁለት ስስ ካርቶን መሀል አድርጉት።