የዘመድዎን ሕይወት ከአሮጌ ፎቶ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

(ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳጥኑ እንደተከፈተ ፎቶዎችን በሰው በሰው መደርደር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የትኛው ፎቶ ከየትኛው ጋር በአንድ ፖስታ እንደተቀመጠ፣ አልበሙ ውስጥ ማን ከማን አጠገብ እንደተለጠፈ ራሱ መረጃ ነው። እርስዎ የማያውቋትን ሴት ፎቶ አያትዎ ከእናታቸው ፎቶ ጎን ካኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ምንም ሳይነኩ ሳጥኑን እንዳለ በስልክዎ ያንሱት፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቁጥር እየሰጡ ያውጡ። እኔ አንድ የፎቶ ቤት ፖስታ ባዶ መስሎኝ ጥዬ፣ ፎቶዎቹ የታጠቡበት ቀን የተጻፈው እሱ ላይ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

የጀርባውን ጽሑፍ እንዳለ ማመን

«እማማ፣ 1920» የሚል ቢያገኙ መጀመሪያ የጻፈው ማነው ብለው ይጠይቁ። እማማ የጻፈው ሰው እናት ናት እንጂ የግድ የእርስዎ ቅድመ አያት አይደለችም። የእጅ ጽሑፉን ቤት ውስጥ ካሉ ደብዳቤዎች ጋር ያስተያዩት። ቀለሙም ይናገራል፦ ባለ ኳስ ጫፍ እስክሪብቶ በስፋት ገበያ ላይ የዋለው ከ1945 ወዲህ ነው። የ1920 ፎቶ ላይ በእሱ የተጻፈ ስም ካለ፣ ጸሐፊው ቢያንስ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ከትዝታው ነው የጻፈው። ትዝታ ደግሞ ወንድማማቾችን ያቀያይራል።

በልብስ ብቻ ዓመቱን መቁረጥ

ሽማግሌዎች የወጣትነታቸውን ልብስ ይዘው ይቆያሉ፤ አንዳንድ ፎቶ ቤቶችም ለደንበኛ ኮት ያውሱ ነበር። ፋሽኑን የሚከተሉት ወጣቶቹ ናቸውና እነሱን ይመልከቱ። ወረቀቱንም ይፈትሹ፦ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ፣ የማንጫ ኬሚካል ያለው ከ1950ዎቹ ወዲህ የመጣ ወረቀት ነው። ሆኖም ይህ የሚነግርዎ የታተመበትን ዘመን ነው፤ ኔጋቲቩ፣ ማለትም ምስሉ መጀመሪያ የተነሳበት ፊልም ወይም መስታወት፣ ከዚያ በብዙ ዓመት ሊቀድም ይችላል። በፖስት ካርድ ላይ ያለው የፖስታ ማኅተምም የተላከበትን ቀን እንጂ ፎቶው የተነሳበትን አይናገርም።

በብረት ሰሌዳ ላይ የተነሱ በጣም አሮጌ ፎቶዎች ካሉዎት ደግሞ ይጠንቀቁ። በ1839 ይፋ የሆነው ዳጌሮታይፕም ሆነ በኋላ የመጣው የቀጭን ብረት ፎቶ ብዙውን ጊዜ እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ያገላብጣል። የጋብቻ ቀለበቱ በየትኛው እጅ እንደነበር ከዚህ ተነስተው አይፍረዱ።

ለሽማግሌ መልሱን አቀብሎ መጠየቅ

«ይህ አጎቴ ነው አይደል?» ሲባሉ ብዙዎቹ እርስዎን ደስ ለማሰኘት «አዎን» ይላሉ። ስም አይጥሩ። ፎቶውን በእጃቸው ሰጥተው ዝም ይበሉ፤ ድምፅ ለመቅዳት ያስፈቅዱ። ከዚያ «ያን ጊዜ ካሜራውን የያዘው ማን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። በሁሉም የቤተሰብ ፎቶ የማይታየው ሰው ብዙውን ጊዜ ፎቶ አንሺው ነው፤ እኔ ደግሞ ከተደረደሩት ሁሉ ይልቅ የእሱን ታሪክ መስማት ይቀናኛል።

ማስታወሻ ዕቃዎችን ማጽዳት

ሜዳሊያ አይወልውሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተዋጉ የብሪታንያ ወታደሮች በተሰጠው ሜዳሊያ ጠርዝ ላይ የባለቤቱ ስምና የሠራዊት ቁጥር ተቀርጿል፤ ደጋግሞ መወልወል ይህን ያደበዝዘዋል። የኪስ ሰዓት ካለ የኋላ ክዳኑን ባለሙያ ይክፈተው፤ ጠጋኞች አንዳንዴ ውስጡ ላይ ቀን ይጭሩ ነበር።

ግምትን እንደ እውነት መጻፍ

የፎቶውን ፊትም ጀርባም በኢንች ቢያንስ 600 ነጥብ ስካን ያድርጉ። ጀርባው ላይ የሚጽፉ ከሆነ ለስላሳ እርሳስ ይጠቀሙ፤ ከስሙ ጎን የጥያቄ ምልክት፣ የራስዎን ስምና የጻፉበትን ቀን ያክሉ።